ጎርጎራ የከረምሁ ጊዜ

ሰኔ ሲያልቅ ነው የገባሁት፣ ፍራሼን በላስቲክ ጠቅልዬ፣
ማራኪ የነበረችኝን ክፍል፣ ኪራዩ ሲንር ጥዬ።
«ጀልባዬን ጠብቅልኝ» አለኝ አቶ ዘገየ፣ «ሦስት ወር፤
ሞተሩን በየሳምንቱ አስነሣ፣ ውኃዋን ቅዳ፣ እዚያው እደር።»
ደሞዙን «እልካለሁ» አለ። ስሙን እያወቅሁ ማመኔ!
ከዘገየ ብር የጠበቅሁ፣ ሞኙ እኔ።

ዳግማዊት ትባላለች። ሰማያዊ ቀለሟ የተላጠ፣
ከአሥራ ስምንት ወንበሯ ስድስቱ የተነቀለ፣ አንዱ የተገለበጠ።
በተነቀሉት ቦታ አነጠፍሁ፣
እግሬን ወደ ሞተሩ፣ ራሴን ወደ ደብረ ሲና፣
ብሰጥም እንኳ እመቤቴ ፊቴን ታያለችና።

ጎረቤቴ እንየው ነው፣ የአሸዋ ጀልባ ዘበኛ፣
ሃያ ክረምት ውኃ ላይ ያደረ፣ ለሰው ዝምተኛ፣ ለገመድ ወሬኛ።
«አታጥብቀው» አለኝ፣ «ጣና በሐምሌ ያብጣል፤
ገመድህ አብሮት ካልረዘመ፣
በቁሙ ታስሮ ስንት ጀልባ ሰጠመ!»

ሐምሌ ገባ። ዝናቡ ከጭልጋ በኩል ይመጣል፤ መጀመሪያ ሽታው፣ ቀጥሎ ድምፁ፣
ከዚያ ወደቡ ይጠፋል፣ ከዚያ የጀልባዋ አፍንጫ ራሱ።
ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሬዲዮ አይሰማም፣ ጸሎት አይሰማም፤
ሰው የገዛ ሐሳቡን፣ ጮክ ብሎ ካላሰበ አይሰማም።
ሁሉ ይረጥባል፤ ክብሪቱ፣ ጨዉ፣ የመታወቂያዬ ፎቶ፤
በነሐሴ ፊቴ አልታወቅ አለ፣ ሻጋታው ጢም አውጥቶ።

ሦስተኛዋ ከራሚ አትክልት ናት፣ ቤቷን ጎርፍ የወሰደባት፣
የዓሣ ማኅበሩ ጀልባ ላይ፣ ከልጇ ከትርንጎ ጋር የተጠጋች ሴት።
ከሰል እንካፈላለን። አምባዛ ሲገኝ ትጠብሳለች።
ፍልሰታ ሲገባ ግን መጥበሻውን ደፋች፤
«ዓሣ ጾም ነው ወይስ ፍስክ?» ከእንየው ጋር ይከራከራሉ፣
ዓሦቹ ከታች ሆነው ፍርዱን ይጠብቃሉ።

ትርንጎ ስድስት ዓመቷ ነው። ስምንት ጆሮ፣ አራት ጉማሬ።
አንድ ማታ ሮጣ መጣች፦ «ሰባት ሆነብኝ ዛሬ!»
እስኪጨልም ዳር ቆመን የጎደለውን ጆሮ ፈለግን።
አላገኘነውም። እራት በላን።
እንቅልፍ የነሳኝ ግን ምን ነበር? ለምን?

ነሐሴ አጋማሽ፣ ሌሊት፣ ነፋስ ከደምቢያ ሜዳ ዞረ፤
የእንየውን ምክር ረስቼ ያጠበቅሁት ገመድ ተበጥሶ በረረ።
ነቅቼ ብወጣ ወደቡ የለም። መብራት የለም። ሰማይም የለም።
ሞተሯን ባስነሣ ባስነሣ፣ ዳግማዊት አትሰማም።
ጮኽሁ። ውኃ ድምፅ ይበላል።
እመቤቴን ጠራሁ፣ አቶ ዘገየን ረገምሁ፣
በአንድ ትንፋሽ ሁለቱን ማቀላቀሌን ሳውቅ ፈራሁ።

ከዚያ በድንገት ረጋች፤
እንደ ሰው ትከሻ ነገር ላይ ተደገፈች።
እምቦጭ ነበር።
ያ በስብሰባ፣ በዘመቻ፣ በማጭድ የምንነቅለው፣
ባሕሩን አነቀው፣ ዓሣውን ፈጀው እያልን የምንረግመው፣
እስኪነጋ አቅፎ ያዘኝ።
ላመስግነው? ምን ልበለው?

ጎሕ ሲቀድ፣ ከጎኔ አንድ ጉማሬ ያንኮራፋል፤
ግራ ጆሮው ከሥሩ የለም፣ ድሮ የሆነ ነገር በልቶታል።
እንየው በታንኳ መጣ። አንድ ቃል ሳይተነፍስ አዲስ ገመድ አቀበለኝ፤
እምቦጩን በማጭድ ቆራርጦ ጎትቶ ወደብ መለሰኝ።
ለትርንጎ ስለ ጆሮው ብነግራት፣
«እኔ መቼ ተሳሳትሁ!» አለች፣ ዓሣዋን እየላጠች።

አቶ ዘገየ በጥቅምት መጣ፣ ግማሽ ብርና ሙሉ ምክንያት ይዞ።
እኔም ክፍል አገኘሁ፣ አዘዞ።
አልጋው አይነቃነቅም፤ ይህን መልመድ አቃተኝ።
አንድ ሌሊት ያልታሰበ ዝናብ ጣለ፣ ገመድ ላላላ ተነሣሁ፣
በጨለማ ዳብሼ የበሩን እጀታ ጨበጥሁ።

በሩ ቁልፍ ስለሌለው በገመድ ነው የማስረው፣ በእንየው ቋጠሮ፤
አከራዬ እመት ጥሩዬ መጥታ ትታገለዋለች፣
«ይሄን ምን ሰይጣን አሰረው? ደግሞ ላላ ብሏል፣ ግን አይፈታም!»
«ላላ ያለ አይበጠስም» እላታለሁ፤
እሷ መቀስ ልታመጣ ትሄዳለች።